ሁለት ጊዜ የተቆረጠው ሰልባቲዮ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እናትሽ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔንም ያው ጤና ብለሽ ያዢው፤ የላክሽው የቤንዚን ፓምፕ ግን ጨጓራዬን ልጦ ሊያወጣው ደርሶ ነበር። ልጄ ባትሆኚ ኖሮ ረግሜሽ ነበር።

መጀመሪያ ካርቡራቶሩ ያረጀ ነው አልሽና አስወለቅሽኝ። በምትኩ የላክሽው ዘመናዊ ነገር ደግሞ ግፊት ይፈልጋል ተባለና ከውጭ የሚታሰር ፓምፕ መጣ። እሱም ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ ይላል፤ ሙቀት ሲነካው ደግሞ ቀጥ። እናትሽን ከኋላ አስቀምጬ ዳገቱ መሐል የቀረሁት በሱ ነው። «አባባ፣ ፓምፑ ሰልባቲዮው ውስጥ ገብቶ ቤንዚን ውስጥ ከተቀመጠ አይግልም፣ አይጮህም» ብለሽ ይሄኛውን ላክሽ። እውነትሽን ነው። ግን የኛ መኪና ሲሠራ ነዳጅ መያዣው ውስጥ ፓምፕ ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አናቱን መቁረጥ የግድ ሆነ።

አዲስ ሰልባቲዮ ልላክ ስትይ እምቢ ያልኩት በግትርነት አይደለም። እሺ፣ በግትርነትም ነው። ግን በባትሪ እያበራሁ ውስጡን አየሁት፤ ዝገት አልነካውም። ከኔ ሆድ ዕቃ ይሻላል። እንዲህ ያለ ላሜራ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ደግሞ «መኪናው ይስተካከል እንጂ እመጣለሁ፤ እማን ሐይቁ ድረስ ራሴ እየነዳሁ እወስዳታለሁ» ያልሽው ቃል ባይኖር፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ መኪና ሥር ምን አስተኛኝ?

በያጁን ታስታውሺዋለሽ፣ ጭሱ የምንለውን። እሱን ይዤ ሰልባቲዮውን አወረድን፣ በሳሙና አጠብነው፣ የቀረ ሽታ እሳት እንዳይጠራብን ውሃ ሞላንበት። እኔ መኪናው ሥር በጀርባዬ ገብቼ፣ ከላይ የሚያልፈው የቻሲስ ብረት የት ጋ እንደሆነ፣ ባዶው ቦታም የት ጋ እንደሆነ በካርቶን ላይ ነደፍኩ። ካርቶኑን ሰልባቲዮው አናት ላይ ዘረጋሁ፤ ጭሱ ምልክቴን ተከትሎ ቆረጠ። የተዋጣለት ክብ ወጣው። ፓምፑን ከተን፣ ክዳኑን በቡሎን አስረን ወደ ቦታው ስናነሳው ክዳኑ ሄዶ ከብረቱ ጋር ተላተመ። አንድ ጣት እንኳ የሚያሳልፍ ክፍተት የለም።

ለካ ከታች ወደ ላይ እያየሁ የነደፍኩትን ከላይ ዘርግቼው፣ ቀኙ ግራ ሆኖልኛል።

«ካርቶኑን መገልበጥ ነበረብህ» አለኝ ጭሱ።

«አንተስ ስትቆርጥ ዓይንህ የት ነበር?»

«የኔ ሥራ መቁረጥ ነው። ምልክቱ ያንተ።»

ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኔም ይሂድ አልኩ። በንዴት ገብቼ ለእናትሽ ብነግራት «እንኳን ሆነ» ብላኝ ቁጭ። ይባስ ብላ ታላግጥብኛለች ብዬ እሷንም አኮረፍኳት።

ጭሱ እንደሆነ ኩርፊያ አይበረክትለትም፤ ሳልጠራው ተመልሶ መጣ። ቆርጠን ያወጣነውን ክብ መልሶ በየደበት፣ በሌላው በኩል አዲስ ቆረጠ። ብየዳው አንጠባጠበ፤ አወረድነው። ደገመው፤ አሁንም ላብ ላብ አለው፤ እንደገና አወረድነው። በሦስተኛው ያዘ። ክንዴ ዝሎ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። በስልክ ይሄን ሁሉ ስነግርሽ ደግሞ ምን አልሽ? «ፍሬኑስ እንዴት ነው አባባ? ፍሬን ልላክ?» ስልኩን ለእናትሽ አቀብዬ የወጣሁት ሽንት ቤት ልሄድ አልነበረም። ተናድጄ ነው። አንድ ዕቃ በደረሰ ቁጥር መምጫሽ ወደ ሌላ ዕቃ ይዛወራል።

ትናንት ቁልፉን አዞርኩ። ፓምፑ ከውስጥ እምም አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱን አጠገቤ አስቀምጬ ያንን ዳገት ወጣሁት፣ ወረድኩት፣ ደግሜ ወጣሁት። አንዴ እንኳ አላስነጠሰም። ደስ ብሎኝ ግቢ ገብቼ፣ እናትሽ ትስማው ብዬ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠራኋት። በሩን ተደግፋ ቆመች።

«አጥፋው» አለችኝ።

የሞተሩ ጭስ አስቸግሯት መስሎኝ አጠፋሁት። እንደዚያም አልነበረም።

«መኪናው እስኪሠራ ነው ያልመጣችው እያልኩ ስንት ጊዜ ኖርኩ። ለሚጠይቀኝም ለራሴም የምለው ያንኑ ነው» አለችኝ። «ተሠርቶ ካልመጣችስ? ያን ጊዜ ምን ልበል?»

እጄን በጨርቅ ስጠርግ ቆየሁ፤ እጄ ንጹሕ ነበር።

«ገና አልተነሳም ብለህ ጻፍላት» ብላኝ ገባች።

ልጄ፣ መኪናው ተነስቷል። ፍሬኑ ደህና ነው፣ ጎማውም ደህና ነው፣ ምንም የሚጎድለው ዕቃ የለም። ከእንግዲህ ምንም እንዳትልኪ። ናፍቀሽናል።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ መንገድሽን ወደኛ ያቅናው።

አባትሽ

እናትሽ በስልክ አልተነሳም ትልሻለች። እንዳትሰሚያት።