እማማ በረዶ፣ የሰፈሩ መድኃኒት ጠባቂ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ በረዶ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ዳቦ ጋግረው ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ስላጡ ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። አንድ ዳቦ ብቻ ባለ ቀን እህታቸው «እኔ በልቻለሁ» ይሏቸው ነበር፤ ውሸት መሆኑ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1961 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ስፌት ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ አንሶላና ጋዋን ሰፍተዋል። በ1965 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1972 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲያስወግድ ለእርሳቸው ደረሳቸው። በሰፈሩ ሌላ አልነበረም። መጀመሪያ ልጆች በረዶ ፍለጋ መጡ፤ ቀጥሎ የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎረቤታችን መምህሩ ኢንሱሊናቸውን ይዘው መጡ። በዓመቱ መደርደሪያውን የሰባት ሰው መድኃኒት ሞላው፤ የእኛ ወተት ውጭ አደረ።

እህታቸው አግብተው የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ የሐይቅ ዳር ከተማ ሄደው ስለነበር፣ በ1975 ዓ.ም. እናታችን ሊጠይቋቸው ሄዱ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሰው ሰዓት ሲያቃኑ የራሳቸውን ነገር የሚረሱ ሰው ነበሩ፤ ሱሪ ለመተኮስ ማቀዝቀዣውን ነቀሉና በዚያው ረሱት። መድኃኒቱ ተበላሸ፤ መምህሩም ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። እናታችንን ማንም አልወቀሳቸውም። እርሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ የቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አላወረዱም፤ ከቤታቸውም ውጭ አላደሩም።

በየዓመቱ እህታቸው ዘንድ ለመሄድ ሻንጣ ይሸክፉና መልሰው ይፈቱት ነበር። እህታቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቋቸው፤ ኋላ ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና ቀሩ። ሩቅ አገር ተምራ የተመለሰች ልጃቸው «ይሄ እኮ እስር ቤት ነው፣ እማ» ብትላቸው፣ «ቁልፉ እስረኛው አንገት ላይ ያለ፣ የምን እስር ቤት ነው? የሰው ነፍስ ይዤ የት ልሂድልሽ!» ብለው አሳቋት። መልሱ ዛሬም አላረካትም። ጎረቤቶች የየራሳቸውን ማቀዝቀዣ ሲገዙ የሚገላገሉ መስሏት ነበር፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜ ይዞ የሚቆየው የእርሳቸው አሮጌ ብቻ ሆነና ማንኳኳቱ ቀጠለ። እህታቸው በስልክ «ሳላይሽ ልሞት ነው?» ሲሏቸው፣ ስልኩን ዘግተው ግድግዳ ግድግዳ ያዩ ነበር።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ መምህሩና ጎረቤቶች ቁልፉን ተረክበው በተራ ይጠብቁ ጀመር። ወር ሙሉ አንዲት ብልቃጥ አልተበላሸችም። እናታችን ገርሟቸው «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ቢሉ፣ መምህሩ «እርስዎ መቼ ሰጡንና!» አሏቸው። ከዚያ ሻንጣው እንዲወርድላቸው አዘዙ።

ጎረቤቶች መኪና ለምነው፣ ፍራሽ አንጥፈው ወሰዷቸው። ሁለቱ እህትማማቾች አሥራ አንድ ቀን ጎን ለጎን ተኝተው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁና ሲነታረኩ ሰነበቱ። ያረፉትም እዚያው፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ነው።

እናታችን ታላቅ እህታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ እኛን ያጽናን፤ እርሳቸውንም በሄዱበት ጠባቂ ሳይሆን እንግዳ አድርጎ ይቀበላቸው።