የጋሽ ማይክ የሕይወት ታሪክ፣ የጣቱ ነገር ሳይቀር

ሁላችንም ጋሽ ማይክ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከሐዲዱ ማዶ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት እስከ ሦስተኛው ቤት እንደተሰማ እናታቸው ይምሉ ነበር፤ እኛም ለመጠራጠር ምክንያት የለንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው ቤት ሲውሉ ትምህርቱን ትተው በ1966 ዓ.ም. በአውቶብስ መናኸሪያ ሻንጣ ጫኝ ሆኑ። አንድ ቀን የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ መንገደኛው ሲተራመስ፣ ሻንጣ ላይ ወጥተው መነሻውን ሁሉ በባዶ ጉሮሯቸው ለፈፉ። ማጉያው ከተጠገነ በኋላም አለቃቸው ከልፈፋው አላነሷቸውም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶብስ ያመለጠው ሰው “አልሰማሁም” ብሎ ማመካኘት አልቻለም።

በ1973 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በዚያ ቤት የሚናገሩት ጋሽ ማይክ፣ የሚወስኑት ባለቤታቸው እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ጤና ጣቢያው በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያ ሰጥቶ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ለመናቸው። ደጃፍ ላይ ሁለት ሆነን ከቆምን፣ የለበስነውን ቀለም እየጠሩ በሰው ፊት ይለያዩን ነበር። ከሁሉ የሚደጋግሙት ግን “መታመም ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቅ ነው” የሚለውን ነበር።

እዚህ ላይ እንዳይታለፍ ራሳቸው አደራ ያሉት ነገር አለ። ልጃቸው ይህ ክፍል ይውጣ ብሎ ለምኖ ነበር። እናቱ ግን “አባትህ ይነበብ ብሏል” ስላሉ ይነበባል።

ጋሽ ማይክ ሰፈሩን አራርቀው ሲጨርሱ፣ በተዘጋው ፀጉር ቤት በጓሮ በር ገብተው ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥመው ዳማ ይጫወቱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሳል ጣላቸው። ጤና ጣቢያው አልጋ ስለሞላበት በስልክ የምትከታተል ነርስ መደበላቸው፤ ጣት ላይ ገብታ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ መሣሪያም ላከላቸው። የልብስ መቆንጠጫ ስለምትመስል ቤተሰቡ መቆንጠጫ ይላታል። ነርሷ ጠዋትና ማታ ስትደውል ቁጥሩን መንገር ነው፤ ከዘጠና በታች ከወረደ አምቡላንስ ይመጣል።

በማግሥቱ ሰማንያ ስምንት አለች። ጋሽ ማይክ አምቡላንሱ እየጮኸ ሲገባ፣ ከየደጃፉ ያባረሩት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያያቸው ታያቸው። ከዚያም የፀጉር ቤቱ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ስለዚህ መቆንጠጫዋን ስፌት ላይ በነበሩት ባለቤታቸው ጣት ላይ አድርገው ለነርሷ ዘጠና ሰባት ብለው ነገሯት። ባለቤታቸው ቢቆጡም፣ ለዛሬ ብቻ ብለው ለመኗቸው። በዚያ ቤት የእሳቸው ውሳኔ ሲጸና ያ የመጀመሪያው ነበር፤ “ለዛሬ ብቻ” ያሉትም ሳምንት ሆነ።

አንድ ጠዋት ነርሷ ስልክ ላይ እየጠበቀች፣ በባለቤታቸው ጣት ላይ ሰማንያ ሦስት ወጣ። ባትሪ ቀየሩ፤ ያው ነው። በራሳቸው ጣት ሞከሩ፤ ዘጠና አራት። እሳቸው ተሽሏቸዋል። የራሳቸውን ቢናገሩ ያን ቀን እውነት ይሆናል፤ አምቡላንስም አይመጣም፤ ማንም አያውቅም። ባለቤታቸው የስፌት መኪናው ላይ ተደግፈው “ድካም ነው” ይላሉ።

“አባባ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ እንጂ” አለች ነርሷ።

“ልጄ፣ ስነግርሽ የከረምኩት የእኔን አይደለም፤ የባለቤቴን ነው። ዛሬ ወርዷል። ድረሱላት።”

አምቡላንሱ ከጠባቡ መንገድ ገብቶ ቤቱ ጠፋው። ጋሽ ማይክ ማጉያቸውን ይዘው ደጃፍ ወጡና እየሳሉ፣ “ወዲህ ነው፣ ወዲህ! በሽተኛዋ እዚህ ናት፤ ያስያዝኳት እኔ ነኝ” ብለው ተጣሩ። በየመስኮቱ የሰማን ሰዎች ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም። የጓሮ በር የነበረው ፀጉር ቤቱ ብቻ አልነበረም።

ባለቤታቸው ድነው ቢመለሱም ሳንባቸው እንደ ድሮው አልሆነም። የስፌት መኪናውን መርገጥ ሲያቅታቸው፣ ጋሽ ማይክ ከጎናቸው ተቀምጠው በአንድ እግራቸው ይረግጡላቸው ጀመር። ማጉያውን ለጤና ጣቢያው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ሕክምናቸውን ቤት ሆነው በስልክ እንዲከታተሉ ሲያዝ፣ መቆንጠጫዋ ከመሳቢያ ወጣች። ጋሽ ማይክ ሲያዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባለቤታቸው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ፈልገው፣ “ዛሬስ የራስህን አምጣ” አሏቸው። ሰጡ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ ባለቤታቸውም እንዳለ ለነርሷ ነገሩ። “ትክክል ነው፤ የእኔ ነው” አሉ ጋሽ ማይክ። ያ ሁሉ ድምፅ ከአልጋው አላለፈም።

ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ዳማው ሳያልቅ የቀረበትን ፀጉር አስተካካይ ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ። በመስኮት ለተደበቅነውም፣ እሳቸው ያን ጠዋት ደጃፍ ላይ ያገኙትን ድፍረት አይንፈገን።