የታነሪ ሮው ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ እያወላወልን ነው

ይድረስ ለክቡር አቶ ፒርስ ላንግሪሽ፤
የብራከንዴል የፓርላማ አባል ለነበሩት፣ ምናልባትም እንደገና ለሚሆኑት፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በየምርጫው በራሪ ወረቀት ላይ አብሮዎት ፎቶ የሚነሳው ያ ቡናማ ውሻም ደህና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጉልበታችንን ከመቆርጠሙ በቀር፣ ደህና ነን። «ለነበሩት» ያልኩት ለድፍረት አይደለም። ፓርላማው ከተበተነበት ቀን አንስቶ እስከ ምርጫው ድረስ በአገራችን አንድም የፓርላማ አባል የለም፣ ሁሉም እንደኛው ተራ ሰው ነው ብሎ ባለቤቴ ኪት ነገረኝ። እኔ በአስራ ስድስት ዓመቴ ትምህርት ጨርሼ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት የገባሁ ሴት ነኝና ይህን አላውቅም ነበር። ተራ ሰው መሆን እንዴት ይዞዎታል? አይዞዎት፣ ይለመዳል፤ እኛ ለምደነዋል።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በኩል የምጽፍልዎ፣ ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «መልእክትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላገኙና ይህን ያህል ዋጋ ያለውን ነገር ደጋግሞ ማባከን ስለከበደኝ ነው። ቅሬታ እንዳይመስልብዎ ሁሉንም በምስጋና መልክ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ። ስለ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የታነሪ ሮው ሰው፣ እናቴ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ፣ ድምፁን የሚሰጠው ከመንገዳችን ጫፍ ባለው በዚህ አዳራሽ ነበር። ዘንድሮ የምርጫ ጣቢያው ከፈጣኑ የመኪና መንገድ ማዶ ወዳለው የስፖርት ማዕከል ተዛወረ። ምክንያቱ የአዳራሹ ወለል ለሕዝብ ደህንነት አያመችም የሚል ነው። ታዲያ ፓርላማው ሊበተን ሰሞን «የመራጮች አስተያየት በሕገ መንግሥታዊ ጉዳዮች ላይ» ብለው ስብሰባ የጠሩን የት ነበር? በዚያው ወለል ላይ፣ ያንኑ ሕዝብ ሰብስበው። ወለሉ አስተያየታችንን ችሎ ድምፃችንን መሸከም ለምን እንደሚያቅተው የሚያስረዳ መሐንዲስ ቢልኩልኝ፣ ሻይ አፍልቼ እቀበለዋለሁ።

ሁለተኛ። ጎረቤቴን አክስት ዊኒ ክላፍን ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። በሥጋ የማንኛችንም አክስት አይደሉም፣ ግን የመንገዱ ሁሉ አክስት ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለ ጎማ መራመጃቸውን እየገፉ አዳራሹ ድረስ ይሄዳሉ። ወደ ስፖርት ማዕከሉ ለመሻገር ግን ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ደረጃ አለው፤ ደረጃና ጎማ ደግሞ አይስማሙም። አሁን ለመምረጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል ተብሎ የለ? አክስት ዊኒ ያላቸው የአረጋውያን የአውቶቡስ መታወቂያ ነው። እሱ ይበቃል ተባልን፤ ደስ አለን። አውቶቡሱ ራሱ ግን በመንገዳችን ማለፍ ካቆመ ቆይቷል። እንግዲህ አክስታችን አውቶቡስ ለመሳፈር መብት እንዳላቸው የሚመሰክር መታወቂያ ይዘው፣ አውቶቡስ ወደማያደርስበት ቦታ፣ መውጣት የማይችሉትን ደረጃ ወጥተው እንዲመርጡ መብታቸው ሙሉ በሙሉ ተጠብቆላቸዋል።

ቢሮዎ «በፖስታ ይምረጡ» የሚል መልካም ምክር ልኮልኝ ነበር። አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣

«ጌይነር፣ ባሌን በፖስታ አላገባሁትም፤ ድምፄንም በፖስታ አልሰጥም» አሉኝ። «እናቴ የተወለደችው ሴት ልጅ በማትመርጥበት ዘመን ነው። እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛኝ ስትሄድ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ስትገቢ አገር ሁሉ ይይሽ፤ የመረጥሽውን ግን ማንም አይይ' አለችኝ። እኔ በፊት ለፊት በር ነው የምገባው። ካልሆነ ይቅርብኝ።»

ይቅርብኝ ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰበር አለ። አክስት ዊኒ የባላቸው ቀብር ላይ እንኳን ድምፃቸው ያልተሰበረ ሴት ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። እኚህ ሴት አንድም ምርጫ አልፏቸው አያውቅም፣ ዘንድሮ ሊያልፋቸው ነው።

ሦስተኛ። ሕገ መንግሥት ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ። ጣቢያችንን ማን ይመልስልናል ብዬ ጠየቅሁ። የከተማው ምክር ቤት «የወሰነው ገለልተኛው የምርጫ ባለሥልጣን ነው» አለኝ። ባለሥልጣኑ «ሐሳቡ የመጣው ከምክር ቤቱ ነው» አለኝ። የእርስዎ ቢሮ ደግሞ በዚህ እጃችንን ብናስገባ ሕገ መንግሥቱን መጣስ ይሆንብናል አለኝ። እስቲ ሕገ መንግሥቱን ላንብበው ብል፣ የኛ አገር ሕገ መንግሥት በአንድ መጽሐፍ አልተጻፈም ተባልኩ! እኔ ይህን ነገር ከወጥ ቤት አውቀዋለሁ። እዚያም ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ያልተጻፈውን ሕግ ሁልጊዜ አጥርታ የምታውቀው ደግሞ ጭልፋውን የያዘችው ናት።

በስብሰባው ላይ ይህንኑ አንስተን ነበር፤ ትዝ ይልዎት እንደሆነ። የሎርዶች ምክር ቤት ይመረጥ ወይስ ይሾም ብለው ሲጠይቁ ጡረተኛው ጎረቤታችን ኖርማን ተነስቶ «ሳይመረጡ መናገሩስ አይከፋኝም፤ እኔም ቤቴ ውስጥ ማንም መርጦኝ አያውቅም። የሚገርመኝ እነሱን የሚሰማቸው ሰው መገኘቱ ነው» አለ። ሚስቱ «ተቀመጥ አንተ» አለችው፤ ተቀመጠ። ሕገ መንግሥታችን በመጽሐፍ ይጻፍ ወይ ሲሉ ደግሞ አክስት ዊኒ እጃቸውን አወጡ።

«ካልተጻፈ የምርጫ ጣቢያዬን ማን እንደወሰደው በምን አውቃለሁ?»

እርስዎም «በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። አጠገብዎ የተቀመጠችው ኢሞጅን የምትባለው የምርጫ ዘመቻ ረዳትዎ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከአጠገቧ ስለነበርኩ አየሁት፤ «አሮጊቷ ወግና ልማድ ይወዳሉ» ይላል። እውነት ነው፣ ይወዳሉ። የምርጫ ጣቢያም ይወዳሉ።

አራተኛው ምን ነበር? ብቻ ወደ ዋናው ልምጣ።

ያችው ኢሞጅን ባለፈው ሳምንት በዝናብ በራችንን አንኳኳች። ደረቷ ላይ የሰካችው የፓርቲዎ ምልክት የሆነው የሪባን አበባ ረጥቦ እንደ ታጠበ ካልሲ ተንጠልጥሏል። አስገባኋት፤ የዝንጅብል ኬክ ቆረስኩላት። «አቶ ላንግሪሽ ራሳቸው ምነው ብቅ አይሉም?» አልኳት።

«ምን ያደርጋሉ ወይዘሮ ሃርግሪቭ? የእናንተ መንገድ እኮ የተረጋገጠ ነው! ሁላችሁም 'ከእናንተ ጋር ነን' ትላላችሁ። እሳቸው የሚሄዱት ወደሚያወላውሉት ነው። ኮሊየር ስትሪትን አያዩትም?» አለችኝ፣ ኬኳን እየዋጠች። ልጅቷን አይቆጧት፤ ርቧት ነበር።

ኮሊየር ስትሪትን አየሁት። የእግረኛ መንገዱ ታድሷል። መብራቱ ተተክሏል። እርስዎ እዚያ የአሳ ጥብስ ከነድንቹ በቆሙበት ሲበሉ፣ የሰው ሕፃን አቅፈው ሲስሙ በጋዜጣ ወጥቷል። ኮሊየር ስትሪቶች ምን ሠርተው ነው ይህ ሁሉ? በር ላይ «እናስብበታለን» ብለው! በቃ፣ ሌላ ምንም አልሠሩም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ክቡር ሆይ፣ የታነሪ ሮው ሰው ይሉኝታ ገድሎታል። ዝናብ እየደበደበው በር ላይ የቆመን ሰው አናስከፋም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼን ወጥ ቤቴ ሰበሰብኩና ለማን ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«እኔ 'አይዞሽ፣ ከእናንተ ጋር ነን' ነው ያልኳት» አለ ኖርማን።

«ለየትኛዋ?»

«በር ላይ ለቆመችው ነዋ።»

«ከእሷ በፊት ለመጡትስ?»

«እነሱም በር ላይ ነበር የቆሙት!»

ለካስ ሁላችንም ለሁሉም ፓርቲ ቃል ገብተናል። ሁሉም የእኛን መንገድ አሸንፎ ጨርሷል። ያሸነፉትን ቦታ ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ጣቢያችን ከአፍንጫችን ሥር ሲወሰድ አንድም እጩ ያልጮኸልን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማወላወል መለማመድ ጀመርን። ኪት የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ደረቱ ላይ ሰክቶ እጩ ሆነ፤ ወጥቶ አንኳኳ። ኖርማን «ገና አልወሰንኩም» ብሎ በሩን እንዲዘጋ ነበር።

«ገና…» አለ ኖርማን። «ገና አል… ኧረ ግባ፣ ግባ! ዝናቡ ጨረሰህ እኮ!»

«ኖርማን!» ብለን ጮህን።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ረጠበብኝ!»

«አንተ ሌባ ቢመጣ መሰላሉን ትይዝለታለህ» አሉት አክስት ዊኒ። ቀጥሎ ተራው የእሳቸው ነበር። ኪት ወጥቶ አንኳኳ። መራመጃቸውን ገፍተው በሩን ከፈቱ፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አክስት ዊኒ፣ ዘንድሮም ከእኛ ጋር ነዎት አይደል?»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ክቡር ሆይ፣ ኪት ባሌ ነው፣ ሰላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እንዲያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም። አጨበጨብን። ኖርማን እንኳን በሦስተኛው ሙከራው «አላውቅም» ማለት ችሏል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞርንለት በኋላ።

እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ የማሳውቅዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ የታነሪ ሮው ሰው በሙሉ እያወላወለ መሆኑን ነው። ልባችን እንደ ሸንበቆ ወዲያና ወዲህ ይላል። ተቀናቃኝዎ ወሬውን ሰምተው ትናንት ራሳቸው መጥተው ነበር፤ ስለ አዳራሹ ለባለሥልጣኑ እጽፋለሁ ብለዋል። እንደሚጽፉ አናውቅም፤ «እናስብበታለን» አልናቸው። እንዴት ያለ ጣፋጭ ቃል ነው! እስከ ዛሬ ለብቻችሁ ይዛችሁት የኖራችሁት ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው። የድምፅ መስጫ ሳጥኑን ወደ አዳራሹ ያስመልሱልን። ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ቀርተዋል። አክስት ዊኒ በፊት ለፊት በር ይግቡ፤ አገር ይያቸው። ይህን ማድረግ ሥልጣንዎ አይፈቅድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ስብሰባ መጥራት ግን እንደሚፈቅድልዎ አይተናል፣ ድምፅዎም ከእኛ ይልቅ ይሰማል።

እስከዚያው ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ለውሻዎም ደረቅ መንገድ እመኝልዎታለሁ።

ሰው ማስከፋት ሳትደፍር ዕድሜዋን የጨረሰች፣ መድፈር ደስ እንደሚል በስተርጅና የደረሰችበት፣ ፍጹም አክባሪዎ፣

ጌይነር ሃርግሪቭ
ከታነሪ ሮው፣ ብራከንዴል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልልክ ስል ከቢሮዎ ለአክስት ዊኒ ተደወለ፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። በምርጫው ቀን ፓርቲዎ በመኪና ወስዶ ሊመልሳቸው ፈቃደኛ ነው ተባሉ። ግብዣውን በደስታ ተቀብለዋል። ሹፌሩ ስፖርት ማዕከሉ ፊት ለፊት በር ድረስ አድርሶ፣ አገር እያያቸው እጃቸውን ይዞ እንዲያወርዳቸው ብቻ አደራ ብለዋል። የደወለችው ልጅ «እንግዲህ በእርስዎ ድምፅ እንተማመን?» ብትላቸው፣ አንድ ዓይናቸውን ወደ እኔ ጠቀስ አደረጉና ቅቤ በሚያቀልጥ ድምፅ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኛ ከእናንተ ጋር ነን» አሏት።