ሽማግሌዎቹ ከመግባታቸው በፊት

ለምወድሽ እህቴ ለሀናን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ ሲከፋሽ እንደ ልማድሽ በሻይ ብቻ ነው የምትውይው? ትንሿ ሀስናስ ደህና ናት? ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እናቷ ክፉ የሚነግራት እንዳይኖር እሰጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሰውነታችንን ማለቴ ነው፤ ሐሳባችንማ ስልክሽን ከዘጋሽ ወዲህ አንቺው ዘንድ ነው ያለው።

እማን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ሽንኩርቱን አንስተናል፤ ፓምፑ መሃል ላይ ተበላሽቶ አሳራችንን ነው ያየነው። ባለቤቴ ቆንጅትም ልጆቹም ደህና ናቸው። ይኸው ዙሪያውን የምዞረው ዋናውን ነገር ለመናገር ስለፈራሁ ነው። ሀናንዬ፣ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ፕሬዝዳንት ሽማግሌ ሊላክ ነው። ዓይንሽን አትሺው፤ ያነበብሽው ልክ ነው። ከቆቦ፣ በአውቶቡስ፣ ስለ አንቺ የሚለምን ሽማግሌ።

የሆነውን የነገረን እዚያው እናንተ ጋ የሚማረው የአባ አላምረው የልጅ ልጅ ሰለሞን ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር፣ በሴቶች አሥር ሺህ፣ የእናንተዋ ልጅ እየመራች መጨረሻው ዙር ላይ ስትደርስ አንቺ ከዳር ሮጠሽ ገብተሽ አቅፈሽ አስወጣሻት አለ። ዋንጫውም ለሌላ ሄደ። ፕሬዝዳንቱ ተቆጥተው ጉዳዩ እስኪጣራ ከስፖርት ዳይሬክተርነትሽ አገዱሽ፤ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፊ ቢሉሽም «ያጠፋሁት የለም» ብለሽ እምቢ አልሽ። ይኸው ነው የሰማነው። ቪዲዮውንማ ቆቦ ውስጥ ያላየው የለም። መናኸሪያው በር ላይ የሚቆሙት ባለ ባጃጆች «እህትህ ዋንጫ አስበላች» እያሉ ይስቁብኛል። አንዱን በጥፊ ላቀምሰው ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ሆኖብኝ ተውኩት።

እማ ይህን በሰማች ማግስት ነጠላዋን አጣፍታ ቅሬው ዘንድ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ጋ ሄደች። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ። ሰው ከአለቃው ቢጋጭ፣ ከጎረቤቱ ቢጣላ፣ ሚስት ብትኮበልል፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ይገባል፣ «ልጃችን አጥፍታለች፣ ለእኛ ሲሉ ይማሯት» ይላል፣ የተቆጣውም ሰው ሽበት አፍሮ አይመልስምና ይምራል። ሼህ መንሱርና አባ አላምረው ተመረጡ። ነገ ሲነጋጋ ይሳፈራሉ። እማ ሣሩን ከመስኖው ዳር ራሷ አጭዳ፣ እስከዚያ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ከታ አዘጋጅታለች።

እኔ ዝም ብዬ ያየሁ እንዳይመስልሽ። እጅግ ጮኼያለሁ። ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፣ ሀናን አላጠፋሁም ብላ ቆማለች፣ እናንተ ሄዳችሁ አጥፍታለች ካላችሁ በራሷ ሰዎች አፍ አሳመናችሁባት ማለት ነው አልኳቸው። አባ አላምረው ሳቁብኝ። ጥፋቱን ማን ጠየቀህ፣ ሰውየው ተቆጥቷል፣ እኛ የምንሄደው ቁጣውን ልናበርድ ነው አሉኝ። እማ ደግሞ አንተ እህትህ ከሥራ ስትባረር ቆመህ ልታይ ነው ብላ አለቀሰች። እማ ካለቀሰች በኋላ የሚናገር ወንድ እኛ ቤት እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ለዚያ ወንበር እንዴት እንደደረስሽ ስለማውቅ ነው እንዲያ የጮኽኩት። ጎህ ሲቀድ በሮቢት መንገድ በረጅም ቀሚስሽ ስትሮጪ በብስክሌት ከኋላ የምከተልሽ እኔ ነበርኩ። አስፋልት ላይ የምትሮጥ ልጅ ለቤተሰቧ ነውር ናት ብለው እማን የገሠጿት እኒሁ ሼህ መንሱር ናቸው። አንቺም ሩጫውን በግድ ተውሽ፤ ግን በትምህርቱ በኩል ዞረሽ ገባሽበት። አስተማሪ ሆንሽ፣ ከዚያም ወንዶቹን አሰልጣኞች ሁሉ የምታዢ ዳይሬክተር። ሴት ተማሪዎች ከአሰልጣኝ ጋር ብቻቸውን እንዳይጓዙ ስትከለክዪ ስንቱ እንደጠመደሽ ነግረሽኛል። ውድድር የሄደ ልጅ ፈተና እንዳያመልጠው ከመምህራኑ ጋር ስትሟገቺ ስንት ወዳጅ እንዳጣሽም አውቃለሁ። አሁን ያ ሁሉ ሰው ይችን ቀን ሲጠብቅ እንደነበር ይሰማኛል። ፈራሁልሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ፈራሁልሽ።

እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። አንድ ዙር ለቀራት ልጅ ምን አስቸኮላት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ኋላ ሰለሞን መልሶ ደወለና «ሀናን፣ ልጅቷ ላቧ ደርቆ ነበር ብላለች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማንንም ምንም አልጠየቅኩም።

ያቺን ሐምሌ አንቺም እንደማትረሺያት አውቃለሁ። ዝናቡ ቀርቶ ቆላው ይነድ ነበር፤ አባባ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ማሽላ ያርም ነበር፤ አንቺ ውኃ ይዘሽ መጣሽ። እጁን ነካሽና «አባባ ላብ የለውም» አልሽ። ሕፃን ነበርሽ፣ ማን ይስማሽ? ትንሽ ነው የቀረው፣ ጨርስና ታርፋለህ አሉት። እንዳሉትም ጨረሰ። ከጥላው ሥር ግን አልተነሣም።

ትናንት ሼህ መንሱር ቤት ሄድኩ። ከጉዞው ላስቀራቸው ነበር አሳቤ። ልጅቷ ላቧ ደርቆ ነበር አልኳቸው፤ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ሀናን፣ ያን ቀን «ትንሽ ነው የቀረው» ካሉት ወንዶች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ተርፋለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተርፋለች፣ ከሐኪም ቤት ወጥታለች ብሎኛል ሰለሞን አልኳቸው። «አሰልጣኙም ሐኪሙም ሳይደርስ የደረሰላት ያ እኔ አትሩጥ ብዬ የከለከልኩት እግር ነው» አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እኒያ ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ይቅሩ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። ሄጄ የምለምነው ካለ እሷን ነው አሉኝ። ከዚያም ደብዳቤ ጽፈህ ስጠኝ፣ ከማንም በፊት ለእሷ አደርሳለሁ፣ ግቡ ካለችን እንገባለን፣ ተመለሱ ካለችን እንመለሳለን ብለው ቃል ሰጡኝ። አባ አላምረውም በዚህ ተስማምተዋል፤ እያጉረመረሙ ቢሆንም። ስለዚህ ይህን የምታነቢው እሳቸው ፊትሽ ቆመው ነው ማለት ነው። መንገዱ ራሱ ያሰጋኛል፤ ዛሬ ክፍት የተባለው ነገ ይዘጋል፤ በዚያ ዕድሜ አውቶቡስ ውስጥ መዋልና ማደሩም ቀላል አይደለም። በደህና ከደረሱ መጀመሪያ አስቀምጫቸው፣ ውኃ ስጫቸው፣ ቁጣሽ ካለም ኋላ ለእኔ ደውለሽ አውጪው። ስልክሽን ለመክፈት እንኳ ምክንያት ይሆንሻል።

አለቃሽ ዘንድ ይግቡ አይግቡ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የይቅርታ ደብዳቤም አትጽፊ፤ ሥራው ቢቀር ቤትሽ እዚህ አለ፣ ሽንኩርት መልቀም አትረሺም። እማ ሣሩን ያጨደችው ለፕሬዝዳንቱ ነው። ምናልባት ሼህ መንሱር ጨርቁን ፈተው ሣሩን ወደ አንቺ ከዘረጉት ግን፣ እህቴ፣ ተቀበያቸው።

እማ ግንባርሽን ስማሻለች፤ እኔ ያደረግኩት ለልጄ ብዬ ነው በልልኝ ብላለች። ቆንጅት ሰላም ብላሻለች፤ የላከችልሽ በርበሬ አባ አላምረው ዘንድ ነው። ልጆቼ አባይና ሩት ቪዲዮውን እየደጋገሙ ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ሯጮቹን ሳይሆን አንቺን ነው፤ አክስታችን ፈጣን ናት ይላሉ። ትንሿ ሀስናን ጉንጯን ሳሚልኝ። ያችን ያተረፍሻትን ተማሪም፣ ስሟን ባላውቅም፣ ከቆቦ ሰላም ብለውሻል በያት።

ወንድምሽ ረዲ
ቆቦ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.