ላላቀረብነው አቤቱታ ይቅርታ ለጠየቁን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ይቅርታዎን መልሰው እንዲወስዱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ሁሉ ደህና ነው? በእኔ ዕድሜ ጤና በጅምላ አይጠየቅምና በዝርዝር መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን፤ ከሆቴልዎ ወጥተን ወደ ቤታችን ከተመለስን ወዲህማ መብራቱን በመጀመሪያው ሙከራ ስለምናበራው ኑሮ በጣም ቀሎናል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ የልጆች አባትና የማይታዘዙ የልጅ ልጆች አያት ስሆን፣ ልጆቻችን የጋብቻችንን ዘመን ለማክበር ተመካክረው እኔንና ባለቤቴን እርስዎ በሚያስተዳድሩት፣ ኮከቡ በበዛ ሆቴል ጥቂት ቀን እንድናርፍ አድርገውን ነበር። አረፍን። ተመለስን። ለጎረቤትም አወራን። ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎን ሳለ፣ ባለፈው ሳምንት በትልቋ ልጃችን ስልክ በኩል ከእርስዎ የተላከ ደብዳቤ ደረሰን። በክፍላችን ውስጥ ስለደረሰብን መጉላላት ከልብ ይቅርታ የጠየቁን ሲሆን፣ «አግባብ ያልሆነ ባሕርይ ያሳየችው» የጽዳት ሠራተኛም ከሥራዋ መሰናበቷን አብሥረውናል።

በትዳር ዘመኔ ሁሉ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ስለነበርኩ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ተጠያቂ መሆኔ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ልጃችን ደብዳቤውን ደግማ ስታነብልን ግን ባለቤቴ መነጽሯን አውልቃ፣ «ማንን ነው ያባረሩት? እታለምን ነው?» አለች። እታለም ማለት ባለቤቴ ለዚያች ሠራተኛ ያወጣችላት መጠሪያ ነው። ልጃችን ያንኑ መስመር ዳግም ስታነብላት፣ ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ያቀረብነው አቤቱታ የለም። ይሁን እንጂ ቤትዎ እንግዳው ሳይጠይቅ ሁሉን የሚያቀርብ ቤት ስለሆነ፣ አቤቱታችንንም ሳንጠይቅ አቅርቦልናል፤ ፍርዱንም ጨምሮልናል። ለዚህ ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤቱ አቤቱታ ይህን ያህል ካማረው ደግሞ እውነተኛዎቹን እኔው ላቅርብ ብዬ በተራ ቁጥር አስፍሬያቸዋለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያነብ ሰውም ወደ እንዲህ ያለ ሆቴል እግር ቢጥለው፣ ምክር ብሎ ይያዛቸው።

አንደኛ፦ የክፍላችንን በር በካርድ ከፍተን አመሻሽ ላይ ስንገባ ድቅድቅ ጨለማ ተቀበለን። ግድግዳውን ዳበስኩ፤ ማብሪያ የሚመስለውን ሁሉ ተጫንኩ፤ መጋረጃው ብቻውን እየተጎተተ ተከፈተ እንጂ መብራት የለም። ባለቤቴ፣ «ተወው፣ ከተማው ሙሉ ጠፍቶ ይሆናል» አለችኝ። በመስኮት ብናይ ከተማው ቦግ ብሏል፤ የጠፋነው እኛ ብቻ ነን። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰው መብራት ስናይ ሳለን፣ ሠራተኛዋ ውሃ ልታስቀምጥ አንኳኩታ ገባችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካርዱን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ካለች ቀዳዳ ሰካችው። ቤቱ በራ። እታለምን የተዋወቅናት ያን ጊዜ ነው። ምክር፦ ከመግባትዎ በፊት ግድግዳውን ያጉርሱ፤ ካልበላ አያበራም።

ሁለተኛ፦ አልጋችን ላይ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ወፎች አንገት ለአንገት ገጥመው ቁጭ ብለው ነበር። ዝይ ይሁኑ ዳክዬ እርስዎ ያውቃሉ። ባለቤቴ፣ «ሰው ደክሞበት የሠራውን አላፈርስም» ብላ እንዳልነካቸው አስጠነቀቀችኝ። እኔም የታጠብኩትን ገላ በካናቴራዬ አደረቅኩ፤ ወፎቹ ባማረው አልጋ መሐል ሲተኙ እኛ ከወዲያና ከወዲህ ጠርዙን ይዘን አደርን። በማግስቱ እታለም ወፎቹን እንዳሉ ስታገኛቸው በዚህ ጊዜ ሳቋን መዋጥ አቃታት። «እናቴ፣ ፎጣ እኮ ነው! ይፈታል!» ምክር፦ ይፈታል።

ሦስተኛ፦ በአልጋውና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ስላለው የመስታወት ግድግዳ በሰፊው የጻፍኩትን ባለቤቴ ሰርዛዋለች። ትዳር ያለው አንባቢ ይረዳኛል።

አራተኛ፦ የቁርስ አዳራሽዎ አስተናጋጆች ፍጥነት የሚደነቅ ነው። ሹካዬን ላሳርፍ ባልኩ ቁጥር ሳህኔ ይነሣል። አንዴማ ውሃ ልጠጣ ቀና ስል ግማሽ እንቁላሌ ተሰናብቶኝ ሄደ፤ ከኋላው ብጣራ «ጥሩ ነበር ወይ አባቴ?» አሉኝ። ጥሩ ነበር፤ የተለያየነው ግን ገና ሳንጠግብ ነው። ምክር፦ በአንድ እጅዎ እየበሉ በሌላው ሳህንዎን ይያዙ። አሁን ሳስበው፣ ሰውንም ሳህንንም በዚያው ፍጥነት ማንሣት የቤቱ ደንብ ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛና ዋነኛው፦ ስለ ወንበሩ ነው።

ባለቤቴ ሰው ሊያጸዳላት ይመጣል ሲባል ቀድማ የምታጸዳ ሴት ናት። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እንድትል ነው?» ትላለች። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን እታለም ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ አልጋው ተነጥፏል፣ ገንዳው ታጥቧል፣ ቆሻሻው ታስሯል፤ እኔ ራሴ ተጠርጌ ጥግ ይዣለሁ። ምስኪኗ ዙሪያውን ብታይ የሚሠራ ነገር የለም። «እናቴ፣ እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?» አለች። ባለቤቴም፣ «ምን ትሠሪያለሽ፤ ቁጭ በይ!» አለቻት።

«አይፈቀድልንም እናቴ።»

«ማነው የማይፈቅደው? ቤቱ ዛሬ የእኔ አይደለም? እኔ ቤት የገባ ሰው ቆሞ አይወጣም!»

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ የባለቤቴን ድምፅ ስለማያውቁት፣ ነገሩን በወረቀት ማስረዳቴ ጎደሎ ነው። እታለም ተቀመጠች። በመስኮቱ ሥር ባለው ለስላሳ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀች፣ ጉልበቷን በእጇ ይዛ። ባለቤቴ በክፍሉ ማፍያ ሻይ አፈላችላት። ጥቂት ቆይታ ወደ ኋላ ደገፍ አለች፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ስለ ሴት ልጇ አወራችን፤ ነርስ ለመሆን የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ የምታስተምራትም እናቷ ብቻ ናት። ስለ ሆቴልዎ ክፉ አልተናገረችም። «ጥሩ ቤት ነው» አለች፤ «ብቻ ለእኛ ወንበር የለውም።» በየመተላለፊያው ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ በተደረደረበት ቤት!

እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው በመሆኔ፣ የፎጣውን ወፍ እንድታስተምረኝ ለመንኳት። ባለቤቴም ሰው ዝም ብሎ አይቆምም ብላ መስታወቱን መወልወል ጀመረች። የፎቁ ተቆጣጣሪ በሩን አንኳኩታ፣ መልስ ሳትጠብቅ የገባችው በዚህ መካከል ነው።

ምን እንዳየች በሐቅ ልንገርዎ። እንግዳዪቱ መስታወት ትወለውላለች። እንግዳው በሆቴሉ ነጭ ጋዋን ወለል ላይ ተንበርክኮ ከፎጣ ጋር ይታገላል። የጽዳት ሠራተኛዋ በለስላሳው ወንበር ተደላድላ፣ ሻይዋን ይዛ፣ «አባቴ፣ እንደሱ አይደለም! አንገቱን ጠምዘዝ ያድርጉት!» እያለች ታዛለች። በዚያች ቅጽበት በሩን የከፈተ ሁሉ እንደ ተቆጣጣሪዋ ይደነግጥ ነበር፤ አልፈርድባትም። ባለቤቴ፣ «እኔ ነኝ ቁጭ በይ ያልኳት፤ እሷ እምቢ ብላ ነበር» ብላ አስረዳቻት። ተቆጣጣሪዋም ፈገግ ብላ፣ «አይጨነቁ እናቴ፣ እናስተካክለዋለን» አለች። እኛ ሞኞቹ የሚስተካከለው የወንበሩ ነገር መስሎን አመሰገንናት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ የሠራሁ ሰው ነኝ። ተቀምጬ ሰው አደረስኩ፣ ተቀምጬ ልጅ አሳደግሁ፣ ተቀምጬ ጡረታ ወጣሁ፤ ተቀምጠህ ተገኘህ ብሎ ያሰናበተኝ አለቃ አልገጠመኝም። ቆሜ ብነዳ ኖሮ ነበር የሚያባርሩኝ። እርስዎም ያንን የይቅርታ ደብዳቤ የጻፉት ቆመው እንዳልነበር እጠረጥራለሁ፤ ለጤናዎ ስል ተሳስቼ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

በክፍላችን አግባብ ያልሆነ ባሕርይ አሳይቷል የሚባል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ባለቤቴ ናት። ትእዛዙን የሰጠችው እሷ ናት፤ ሻይ ያፈላችው እሷ ናት፤ ቤቱን ያጸዳችውም እሷ ናት። ግብረ አበሯ እኔ ነኝ። ሊያባርሩን ከፈለጉ ደግሞ ቀድመን መውጣታችንን በትሕትና አስታውሳለሁ። ቅጣቱ ግን የእንግዳ ቃል አክብራ የተቀመጠችው ሴት ላይ አረፈ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤታችን ሲገባ «ቁጭ በሉ» ለማለት አፏን ከከፈተች በኋላ ትንሽ ትዘገያለች። ይህን ሳይ፣ እርስዎ ያለ ምንም ክፍያ ከቤቴ የወሰዱት ነገር እንዳለ ይገባኛል፤ ቀልዴን ለአንድ ዐረፍተ ነገር ያህል ያቆምኩትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ በአክብሮት አመለክታለሁ። ለእኛ የላኩት ይቅርታ አድራሻ ስለተሳሳተ፣ እንዳለ ተነሥቶ ለእታለም ይድረስ። ሥራዋ፣ ፎቋና ጋሪዋ ይመለሱላት። በቆሻሻ ማውጫው በር በኩልም ቢሆን ለሠራተኞቹ ወንበር ይቀመጥላቸው፤ ለስላሳ ባይሆንም ግድ የለም፣ ከተደላደለ ይበቃል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ ስለ እንቁላሌ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።

ለሰጡን መልካም መስተንግዶ፣ ላልጠየቅነው ፍትሕ፣ ሳንጀምረው ላስጨረሱን ክርክር፣ እንዲሁም በስማችን ለፈጸሙት ጀግንነት፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና ምቹ መቀመጫ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፎጣ አጣጥፎ ወፍ ማድረግ ያልሆነለት የቀድሞ አውቶቡስ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለፎቁ ተቆጣጣሪ፣ ከመግባታቸው በፊት እንዲያነቡት
ለባለቤቴ፣ ሦስተኛው ቁጥር በእርግጥ መሰረዙን እንድታረጋግጥ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በደብዳቤዎ ጭራ ላይ፣ ለካሳ ያህል አንድ ሌሊት በነጻ እንድናድር መጋበዝዎን ሳላመሰግን ላልፍ ነበር። ባለቤቴ «እዚያ ቤት አልረግጥም» ብላ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሐሳቧን ለውጣ ሻንጣ ስታወርድ አገኘኋት። እታለም ከተመለሰች፣ እሷን ሰላም ብለን፣ ተኝተን እንወጣለን። ካልተመለሰች ግን የባለቤቴ ዕቅድ እንዲህ ነው፦ ፎጣ ያመጣችውን ቁጭ በይ ትላታለች፤ ሻይ ያመጣውን ቁጭ በል ትለዋለች፤ አምፖል ሊቀይር የመጣውንም፣ ሊቆጣጠር የመጣውንም እንዲሁ። እርስዎ በደንብዎ መሠረት አንድ በአንድ ያሰናብቷቸው። መጨረሻ ላይ ውሃ የሚያመጣልን ሰው እርስዎ ብቻ ይቀራሉ። ሲመጡ ወንበሩ በመስኮቱ ሥር ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። አልቀመጥም ለማለት እንዳይደክሙ ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ባለቤቴ ቁጭ በል ብላው ቆሞ የቀረ ሰው አላየሁም።