አንቀጽ ፈላጊው ሽማግሌ

ተስፋይ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ያው ዓኽርያ ሰፈራችን ነን። ልጅህ ሰናይት ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ትምህርቷም ከትግርኛ ወጥቶ አሁን ሁሉም በአማርኛ ሆኗል። ጎረቤቶች «እናቷ ጎንደሬ፣ ምን ቸገራት» ይላሉ። እውነት ነው፣ እሷን አልቸገራትም። የቸገረው እኔን ነው፤ አንተ ታስተምረው የነበረው ሕገ መንግሥት በታሪክ መጽሐፏ ውስጥ የለም። ምክር ቤቱም፣ ባንዲራውም፣ ጭራሽ እንዳልነበሩ።

አንተማ ተማሪዎችህ አልበቃ ብለውህ፣ እሑድ ከሰዓት በቲያትር አዳራሹ መድረክ ላይ፣ በዘፈንና በቀልድ መሃል ለከተማው ሁሉ ታስተምር ነበር። ከገጠር፣ ከዓዲ ጓዕዳድ የመጡ ሽማግሌ ሆነህ፣ ጋቢ ደርበህ ትወጣለህ። መምህር የሚሆነው ጓደኛህ «አባት፣ አንቀጽ አንድን ላንብብልዎት» ይልሃል። አንቀጽ በግዕዝ በር ነውና፣ አንተ «በሩስ ይሁን፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ስትል አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። በየአንቀጹ አንድ በር ስታንኳኳ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ መብቱን በቃሉ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመደበር ገበያ ብረት ቀጥቃጮች ሳይቀሩ ሥራ ላይ እየደጋገሙት ይሳሳቁ ነበር።

ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ሕገ መንግሥቱም ቀረ በተባለ ሰሞን መድረክ እንዳትወጣ ለመንኩህ። ወጣህ። ጓደኛህ ፈርቶ ስለቀረ ብቻህን ነበርክ። እጅህን ዘርግተህ አየሩን ዳሰስክ፣ ዳሰስክ፣ በር አጣህ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረህ «ልጆቼ፣ እኔ አሁን ውስጥ ነኝ ወይስ ውጭ?» አልክ። የሳቀ አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት «ዋይ ኣነ»፣ ወይኔ፣ ስትል ብቻ ሰማሁ።

ፖሊሶች ከመጋረጃው ጀርባ ወሰዱህ። ስትመለስ ደረትህ ተጎድቶ ነበር። ምን እንዳደረጉህ አልነገርከኝም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ብዙም ሳትቆይ ዐረፍክ።

አሁን ከባዶው ክፍል ሳል እሰማለሁ፤ መድረክ ላይ ትሆነው የነበረው የሽማግሌው ነው። ስሜን የሚጠራ እሰማለሁ፤ እሱም የሽማግሌው ነው። ያንተ የራስህ ድምፅ ጠፍቶብኛል። ባለፈው ሰናይት «አባዬ እንዴት ነበር የሚያወራው?» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው ያ የሽማግሌው ቃና ሆነ። ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ሸፈነችና ሰው ሰምቶ እንደሆን ወደ መስኮቱ አየች። ማን አስተማራት ይህን? እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ሳላውቀው።

ወንድሞቼ ጎንደር ነይ ይሉኛል። አልሄድም። የማስታውሰውን ሁሉ ለሰናይት እነግራታለሁ፣ የረሳሁትን ከሰው ጠይቄ። እኔ እስካለሁ አንተ በዚህ ቤት አትረሳም፤ ልጅህም ስትስቅ አፏን አትሸፍንም።

ያንተው፣ ዘውዲቱ