በደረቁ መሬት የመጀመሪያው፦ አቶ ይገረም ፈንታ (1961–2017 ዓ.ም.)

አቶ ይገረም ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ዋኘው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውድነሽ ሰራዊት በ1961 ዓ.ም. ወሎ፣ ወረኢሉ አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። በ1977 በድርቁ ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። በመጀመሪያው ክረምት ታናሽ እህታቸው ኮከብ በወንዝ ውሃ ታማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ ውሃ ጠጥተው አያውቁም። እኛ ልጆቻቸውም ለምዶብን እናነሳለን።

ሁለተኛ ደረጃን አሶሳ ጨርሰው አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ተማሩ። በ1986 ተመልሰው ለአሶሳ ውሃ ሠሩ፤ ሌላ ሥራ አልያዙም። በ1988 ወ/ሮ የዝናሽ ይመርን አግብተው ሕሊናን፣ አምላኩን፣ በእህታቸው ስም የጠሯትን ኮከብን ወለዱ።

ሥራቸው ነገን ማሰብ ነበር። ከተማው ምን ያህል ያድጋል፣ ያ ሁሉ ሰው ምን ይጠጣል። ለ2025 ያሰቡት ሕዝብ በ2014 ደረሰ። ተማሪው መጣ፣ ነጋዴው መጣ፣ ከየቦታው የተፈናቀለው መጣ። ያኔ እንቅልፋቸው ጠፋ። ጄሪካን የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ወሬ አቋርጠው "ይደርቃል" ይሉ ነበር። ሰፈሩ "አቶ ይደርቃል" ብሎ ስም አወጣላቸው። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር ግን ያው ሰፈር በራችን ላይ ነው፤ "አቶ ይደርቃል፣ ዛሬስ ይመጣል?"

በ2009 እናታችን ሞቱ። የተቀበሩት ከከተማው ዳር ተዳፋቱ ላይ ነው። በዓመቱ ጥናት ሲደረግ፣ ለከተማው የሚበቃ የከርሰ ምድር ውሃ የተገኘው ከዚያው ተዳፋት ግርጌ ሆነ። ሌላ ቦታ ቆፈሩ፤ የለም። ስለዚህ ተዳፋቱ ተከለለ። ከጉድጓዶቹ በላይ ቤት አይሠራም፣ ሽንት ቤት አይቆፈርም፣ ከእንግዲህ ሰውም አይቀበርም። አባታችን ራሳቸው ችካል ተከሉ። ለመቃብር ሌላ መሬት ተሰጠ፤ ጸሎትም ደረሰበት።

ማንም አልሄደም። ባዶ መሬት ላይ ሬሳ ብቻውን ጥሎ መመለስ ማን ይደፍራል? "የእኔ ሰው መጀመሪያ አይሆንም" ይላል ሁሉም። ችካሉ ተነቀለ፤ ተዳፋቱ ላይ መቅበሩ ቀጠለ። አባታችን ከቀብር ሲመለሱ እህል አይቀምሱም ነበር። የሚታያቸው የእህታቸው ሞት ነው፣ ያውም በከተማ ልክ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ጂራታ ሰው ፊት ጠየቋቸው፤ "አቶ ይገረም፣ ባለቤትዎ እዚያ ናቸው። እርስዎስ የት ሊያርፉ ነው?"

መልሱን የሰጡት ባለፈው የካቲት፣ ልባቸውን ታመው ሲተኙ ነው። አዲሱ መሬት ላይ ቅበሩኝ አሉ። ከእናታችን እንዳይለዩ ለመንን። አልሰሙንም። ብቻቸውን ማረፉን ይፈሩ ነበር፣ አልደበቁንም። በቁፋሮ ሥራ አብረዋቸው ያረጁት አቶ ሙርሳል ሊጠይቁ መጥተው፣ "ያ ቦታ እኮ አንተና እኔ ቆፍረን ጠብታ ያጣንበት ነው። ወላሂ፣ አትረጥብም" አሏቸው። ያን ቀን ሳቁ።

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል።

መንገዱ እንደራቀባችሁ እናውቃለን። ዙሪያችሁን ብታዩ ሌላ መቃብር የለም። እኛም ፈርተናል፤ አሁን ትተናቸው እንሄዳለን። ከዛሬ በኋላ ግን "የእኔ ሰው መጀመሪያ አይሆንም" የሚል የለም፤ መጀመሪያው እሳቸው ሆነዋል። ተዳፋቱን ተዉት። የሚጠጡት ልጆቻችሁ ናቸው።

አምላክ ነፍሳቸውን ከባለጠጋው ከነዌ ጥም ጠብቆ ከአልዓዛር ጎን ያኑርልን። እኛንም ያጠጣን።